ስድስት ከተማ፣ አንድ ወንበር

ኤፕሪል 10 ቀን 1890 በሰሜን ዌልስ ተበታትነው በሚገኙ ስድስት ትንንሽ ከተሞች የማሟያ ምርጫ ተደረገ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድምፅ የሰጠው ሰው አራት ሺህ አይሞላም። ወግ አጥባቂው ባላባት ኤሊስ ናኒ 1,945 ድምፅ አገኘ፤ የ27 ዓመቱ የሊበራል ዕጩ፣ ጠበቃው ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ደግሞ 1,963። እንደገና ተቆጥሮ የጸናው ልዩነት 18 ነበር። ከአሸናፊው ወገን አሥር ሰዎች ብቻ ልባቸው ወደ ባላባቱ አድልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ብሪታንያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የመራው ሰው ምናልባት በክሪኪየዝ ከተማ የውልና የመሬት ክርክር ሲሟገት ዕድሜውን በጨረሰ ነበር።

የምርጫ ክልሉ ስም ካርናርቮን ቦሮውስ ይባል ነበር፤ «የካርናርቮን ከተሞች» እንደማለት ነው። ዛሬ በየትኛውም ካርታ ላይ የለም። በኖረበት ዘመንም ቢሆን በካርታ ላይ ለማሳየት የሚያስቸግር ነገር ነበር። የምርጫ ክልል ሲባል ሰው የሚያስበው በአንድ መስመር የታጠረ መሬት ነው። ይህኛው ግን ድሪቶ ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ኮንዊ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ባንጎር፣ ቀጥሎ ራሷ ካርናርቮን፣ ከዚያ ተራራውን ዞሮ በሊን ልሳነ ምድር ላይ ኔቪን፣ ፑልሄሊ እና ክሪኪየዝ። ከካርናርቮን ፑልሄሊ ለመድረስ 32 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በመካከል ያለው ገበሬ፣ በግ አርቢና የድንጋይ ካባ ሠራተኛ የሌላ ክልል፣ ማለትም የአውራጃው መራጭ ነው። አንድ ዕጩ ከአንዱ ከተማ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ሲጓዝ መንገዱን ሁሉ ድምፅ ሊሰጡት የማይችሉ ሰዎች ሰላም ይሉት ነበር።

ይህ ቅርጽ የመጣው ከወረራ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የሰሜን ዌልስን መሳፍንት ድል ከነሣ በኋላ በ1283 በካርናርቮንና በኮንዊ ግዙፍ ግንቦችን ማሠራት ጀመረ። በየግንቡ ሥር በቅጥር የታጠረ ከተማ ተቆረቆረ፤ ነዋሪው ከእንግሊዝ የመጣ ሰፋሪ ነበር፤ የከተማነት መብትን ከነገበያው የሚሰጥ ደብዳቤም በ1284 ተጻፈለት። ክሪኪየዝም በዚያው ዓመት እንዲሁ ያለ ደብዳቤ አገኘች። የአገሩ ተወላጅ በቅጥሩ ውስጥ ቤትና መሬት እንዳይዝ ሕግ ይከለክለው ነበር። ፑልሄሊና ኔቪን ተራቸው የደረሰው በ1355 ነው። እነዚህ ከተሞች ዌልሶችን ለመጠበቅ የተተከሉ ዘቦች ነበሩ ማለት ይቻላል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ አፉን በዌልሽ የፈታ ብቸኛውን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የመረጡት እነዚሁ ከተሞች መሆናቸው፣ ኤድዋርድ ቢያውቀው ኖሮ ግንቡን አንድ ፎቅ ከፍ አድርጎ ያሠራው ነበር የሚያሰኝ ነው።

የፓርላማ ወንበሩ የተገኘው በሄንሪ ስምንተኛ ዘመን ነው። በ1536 የወጣው ሕግ ዌልስን ከእንግሊዝ ጋር ሲያዋህድ ለዌልስ አውራጃዎች እንደራሴ የመላክ መብት ሰጠ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ከተማ ሁለት እንደራሴ ይልክ በነበረበት ጊዜ የዌልስ ዋና ከተማ የተፈቀደለት አንድ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን እንደራሴ የዕለት አበል የሚከፈለው ከመራጮቹ ኪስ ነበር፤ ለከተማ ተወካይ በቀን ሁለት ሺሊንግ። ደሀ ለነበሩት የዌልስ ከተሞች ይህ ቀላል ሸክም አልነበረም። ስለዚህ ሕጉ በአውራጃው ያሉት ሌሎች ጥንታዊ ከተሞች ለዋናው ከተማ ሰው አበል እንዲያዋጡ አደረገ። ካዋጡ ደግሞ ይምረጡ ተባለና የድምፅ መብት ተሰጣቸው። ድሪቶው የተሰፋው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የመጣው ውክልና ሳይሆን መዋጮ ነበር። ዕድር ከፋይ ሁሉ ቀባሪ ይገባዋል እንደማለት ነው። አበሉ በኋላ ቢቀርም ጥምረቱ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖረ።

ቀጥሎ ያሉት ዘመናት የባላባቶች ናቸው። በዝርዝር የሚያስኬድ ነገር የላቸውም፤ አንዱ ትልቅ ቤት ሲደክም ሌላው ወንበሩን ይረከባል። ከ1790 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ክልሉ የፔጄት ቤተሰብ የግል ንብረት ይመስል ነበር። ቤተሰቡ ከመናይ ሰርጥ ማዶ በአንግልሲ ደሴት ላይ ትልቅ ግዛት ነበረው። በመጀመሪያ የተቀመጠው ሄንሪ ፔጄት በ1815 በዋተርሉ ጦርነት ፈረሰኛውን መርቶ አንድ እግሩን በመድፍ ያጣው ሰው ነው፤ የተሠራለት ሰው ሠራሽ እግር በስሙ እስከመጠራት ደረሰ። እርሱ በ1796 ሲለቅ ወንድሙ ኤድዋርድ ገባ፤ ከዚያ ሌላው ወንድሙ ቻርልስ። ድምፅ መስጠት የሚችለው የከተማ መብት ያለው ሰው ብቻ ስለነበር፣ ታማኝ ሰው ከሩቅም ቢሆን አምጥቶ ለዚህ መብት ማስመዝገብ ለባላባት የተለመደ ዘዴ ነበር።

በ1832 ታላቁ የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ሲወጣ የኤጲስ ቆጶስ መንበር ያለባት ባንጎር ተጨመረችና ከተሞቹ ስድስት ሆኑ። በኋላ ብዙ ራስ ምታት የፈጠረችው ይህች ከተማ ናት። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካቴድራል፣ ካህናትና ከእነርሱ ጋር የሚኖረው ማኅበረሰብ ወደ ወግ አጥባቂዎች ያደላ ነበር። በሊን በኩል ያሉት ከተሞች ደግሞ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የወጡ ባፕቲስቶችና ሜቶዲስቶች በየጸሎት ቤታቸው በዌልሽ የሚዘምሩባቸው ናቸው። ሁለቱ ሚዛኖች እኩል ለእኩል የሚባሉ ነበሩ። ከ1837 ጀምሮ ዊልያም በልክሊ ሂዩዝ የሚባል ሰው፣ በመካከል ስድስት ዓመት ተቋርጦ፣ እስከ 1882 ድረስ ተቀመጠበት፤ በወግ አጥባቂነት ገብቶ በሊበራልነት ነው የሞተው። ምናልባት መራጩን ከሁሉ በተሻለ ያነበበው እርሱ ነው።

ተተኪው ላቭ ጆንስ ፓሪ በሌላ አገር ታሪክ ስሙ የቀረ ሰው ነው። ይህ የሊን ባላባት በ1862 መገባደጃ ከአንድ ባልደረባው ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጉዞ፣ ቋንቋቸውን ጠብቀው መኖር ለሚሹ ዌልሶች የሚሆን ምድር በፓታጎኒያ ሲፈልግ ነበር። መርከቡ ያረፈበትን ወደብ በርስቱ ስም ማድሪን አለው። በ1865 ሰፋሪዎች ሄዱ፤ ፑዌርቶ ማድሪን ዛሬ የአርጀንቲና ከተማ ነው። በኔቪን አጠገብ ያለው የማድሪን ርስት ግን ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፍርሃት መናገር ያስፈልጋል። እስከ 1872 ድረስ ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ፣ በቃል ነበር፤ የባላባቱ ወኪል መዝገብ ይዞ ይሰማል። በ1868 ምርጫ በዌልስ ብዙ አውራጃዎች ጭሰኞች ከጌታቸው ፈቃድ ውጪ መረጡ፤ በቅጣት ከመሬታቸው የተነቀሉ፣ ከካባ ሥራ የተባረሩም ነበሩ። የዚህ ቁጭት ትዝታ በየቤቱ ይወራ ነበር። ምስጢራዊ ድምፅ መስጫ ሲመጣ ባላባቱ ከጭሰኛው ልብ ጋር ብቻውን ቀረ።

ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ያደገው በዚህ ወሬ መካከል ነው። የተወለደው በ1863 በእንግሊዝ ከተማ በማንችስተር ቢሆንም አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ፣ እናቱ ወደ ወንድሟ ቤት ወደ ላኒስተምድዊ መንደር ይዛው ተመለሰች። (የመንደሩ ስም የሚጀምረው ምላስን ላንቃ ላይ አጣብቀው በጎንና በጎኑ ነፋስ በሚያሳልፉበት የዌልሽ «ል» ነው፤ ለእርሱ የሚሆን ፊደል የለንም።) አጎቱ ሪቻርድ ሎይድ ጫማ ሰፊና በትንሽ ጸሎት ቤት ያለ ደመወዝ የሚሰብክ ሰው ነበር፤ ልጁ ሕግ እንዲማር ራሱ መዝገበ ቃላት ገልጦ ፈረንሳይኛና ላቲን አብሮት ያጠና እንደነበር ይነገራል። መንደሩ የክሪኪየዝ ጎረቤት ነው፤ ባላባቱም ሌላ ሰው ሳይሆን ኤሊስ ናኒ ነው። የመንደሩ ትምህርት ቤት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥር ስለነበር፣ ባላባቱና ቀሳውስቱ ሊጎበኙ በመጡ ቀን ተማሪዎቹ የሃይማኖት መግለጫውን በቃል እንዲያነበንቡ ይጠበቃል። ትንሹ ዴቪድ ልጆቹን አሳድሞ ዝም አሰኛቸው ይባላል። ከዓመታት በኋላ በ1890 ምርጫ የተፋጠጡት የዚያ ክፍል እንግዳና የዚያ ክፍል ተማሪ ናቸው።

ለዕጩነት ያበቃው ግን የመቃብር ጉዳይ ነው። በ1888 በላንፍሮዘን ሰበካ አንድ አረጋዊ የካባ ሠራተኛ ሲሞት ከልጁ አጠገብ፣ በራሱ ጸሎት ቤት ሥርዓት እንዲቀበር ተናዘዘ። ከ1880 ወዲህ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። የሰበካው ቄስ ግን መሬቱን በሌላ ውል እንደያዘው በመግለጽ የመቃብሩን ቅጥር በር ቆለፈ። ቤተሰቡ ወጣቱን ጠበቃ አማከረ፤ ጠበቃውም በሩ ካልተከፈተ ሰብራችሁ ግቡ አለ። ገብተው ቀበሩ። ቄሱ ከሰሰ፤ የአካባቢው ዳኛ ለቄሱ ፈረደ፤ ነገሩ ለንደን ላለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ቀርቦ ሎይድ ጆርጅ ረታ። ሬሳ ማሳረፊያ የተከለከለ ድሀ የሚያስቆጣው የዌልስን ሰው ብቻ አይደለም፤ ይሁንና በዚያ አገር በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ የምርጫ ቅስቀሳ ሊገኝ አይችልም ነበር። ሊበራሎቹ ወዲያው ዕጩ አደረጉት። በማርች 1890 ወግ አጥባቂው የፓርላማ አባል ኤድመንድ ስዌትናም ሲሞት ወንበሩ ተከፈተ።

በ18 ድምፅ የገባ ሰው እንቅልፍ የለውም። በ1892 ልዩነቱ 196 ሆነ፣ በ1895 ደግሞ 194፣ በ1900 ደግሞ 296። የፓርላማ አባልነት ደመወዝ አልነበረውም፤ ወንድሙ ዊልያም በክሪኪየዝ የጥብቅና ቢሮውን እየሠራ ያስተዳድረው ነበር። ሚስቱ ማርጋሬት ልጆቿን ይዛ እዚያው ክሪኪየዝ መሆንን ትመርጣለች፤ እርሱ ለንደን ሲውል ከመራጩ ጋር ሠርግና ለቅሶ የምትደርሰው፣ በኋላም በከተማዋ ምክር ቤት ወንበር ያገኘችው እርሷ ናት። ወንበሩን ያቆየው አንደበቱ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች ለማርጋሬት የሚገባትን አልሰጧትም።

በ1899 የደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ሲነሣ ሎይድ ጆርጅ መንግሥትን ተቃወመ። አገሩ በሙሉ በባንዲራ ባበደበት ጊዜ፣ ትንሽ ልዩነት ላለው እንደራሴ ይህ ገመድ ወደ ራስ አንገት መሳብ ነው። በኤፕሪል 1900 በገዛ ክልሉ በባንጎር ከተማ ስብሰባ አድርጎ ሲወጣ በዱላ ራሱን ተመታ፤ ባርኔጣው ነው ያተረፈው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ምርጫ ሲደረግ፣ ይወድቃል ሲባል ልዩነቱን ከ194 ወደ 296 አሳደገ። ባንጎር ብትደበድበውም ሊኖች አልተዉትም።

ከዚያ በኋላ ወንበሩ ጠንካራ ሆነ፤ በ1906 ልዩነቱ ከአንድ ሺህ አለፈ። ሰውየውም ሽቅብ ወጣ። በ1908 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ፤ ከጃንዋሪ 1909 ጀምሮ ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ድሀ በሳምንት እስከ አምስት ሺሊንግ የጡረታ አበል ከፖስታ ቤት መቀበል ጀመረ። በ1909 በመሬት ጌቶች ላይ ግብር የሚጥል በጀት አመጣ፤ መኳንንቱ በላይኛው ምክር ቤት ጣሉት፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ትግል በ1911 የመኳንንቱ የመሻር ሥልጣን ተገደበ። የፓርላማ አባላት በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ እንዲያገኙ ያደረገውም በዚያው ዓመት ነው። የሁለት ሺሊንጉ አበል በሌላ መልኩ ተመለሰ፤ ክልሎቹ ሳይሆኑ ግምጃ ቤቱ ከፋይ ሆኖ።

የካርናርቮን ግንብ የክብር ጠባቂነትም ለእርሱ ተሰጠ። በጁላይ 1911 የንጉሡን ልጅ የዌልስ ልዑል አድርጎ የመሾሙ ሥርዓት በዚያው ግንብ ውስጥ እንዲደረግ ዋና ገፋፊው እርሱ ነበር፤ ለወጣቱ ኤድዋርድ ጥቂት የዌልሽ ዓረፍተ ነገሮችንም ራሱ አስጠናው። ጥሩ ትርኢት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ግን በላኒስተምድዊ ሌላ ትርኢት ታየ። ሎይድ ጆርጅ ላደገበት መንደር ያሠራውን አዳራሽ ሲመርቅ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሴቶች ንግግሩን አቋረጡ። ሕዝቡ ተነሣባቸው፤ ልብሳቸው ተቀደደ፣ ጠጉራቸው ተነጨ። የጭሰኛን መብት በኩራት የሚያወራ መንደር በዚያን ቀን ያደረገው የሚያስመካ አልነበረም፤ የጋዜጣ ፎቶግራፎችም አስቀሩት።

ሎይድ ጆርጅ በዲሴምበር 1916 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ በ1918፣ የመምረጥ መብት ለአዋቂ ወንዶች በሙሉና ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑ አብዛኞቹ ሴቶች ተሰጠ፤ የምርጫ ክልሎችም እንደ አዲስ ተሠመሩ። በዌልስ እንዲህ በከተማ በከተማ የተሰፉት ጥንታዊ ጥምረቶች ያኔ ተጠረጉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ቀረ። ቀረ ብቻም አይደለም፤ የመዝናኛ ከተማዋ ላንዲድኖ፣ ፔንማንማውርና ላንቫይርቬካን ተጨምረውለት ደለበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በተደረገው ምርጫ 13,993 ድምፅ ሲያገኝ ተፎካካሪው ያገኘው 1,095 ነው። በ1890 በ18 ድምፅ የተንጠለጠለው ሰው! በ1921 በካርናርቮን አደባባይ ሐውልቱ ቆመ፤ ባለቤቱ ገና በሥልጣን ላይ ነበር።

በ1922 ሥልጣኑን አጣ፤ ወንበሩን ግን አላጣም። በ1924 ሌበር ፓርቲ ያቀረበበት ተፎካካሪ አልፍሬድ ዚመርን ነበር፤ በዌልስ አበሪስትዊዝ ኮሌጅ በ1919 በተቋቋመው፣ በዓለም የመጀመሪያው በሆነው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ፕሮፌሰርነት መንበር ላይ የመጀመሪያው ተቀማጭ። የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ሐሳብ ከደገፉት ምሁራን አንዱ ነው። ምሁሩ ክፉኛ ተሸነፈ። በ1931 ሊበራሎች ሲከፋፈሉ ደግሞ የሎይድ ጆርጅ «ፓርቲ» ወደ አራት ሰው ወረደ፤ እርሱ፣ ልጁ ግዊሊም፣ የአንግልሲ ተወካይ የሆነችው ልጁ ሜጋን፣ እና የዘመድ አማቻቸው ጎሮንዊ ኦወን። ማዕድ ላይ የሚሰበሰብ የፓርላማ ቡድን ነበር።

ክልሉ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኘው በዚህ ዘመን ነው። ዌልስ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ላይ የነበራት እምነት ከሌላው የብሪታንያ ክፍል ይበልጥ ነበር፤ በ1935 በመላ ብሪታንያ ቤት ለቤት በተደረገውና ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው መልስ በሰጠበት የሕዝብ አስተያየት የዌልስ ሰው ተሳትፎ ከፍተኛው ሆኖ ተመዘገበ። በኦክቶበር ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወረረች። በዲሴምበር የብሪታንያውና የፈረንሳዩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሆርና ላቫል ሰፊውን የኢትዮጵያ ምድር ለሙሶሊኒ የሚሰጥ ዕቅድ ሲዶልቱ ተጋለጡ። ሜይ 5 ቀን 1936 አዲስ አበባ ተያዘች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጁን 3 ለንደን ደረሱ። በጁን 18 ደግሞ አዲሱ የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አንቶኒ ኢደን መንግሥቱ በኢጣልያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ እንደሚደግፍ ለምክር ቤቱ አስታወቀ።

የካርናርቮን እንደራሴ ተነሣ። 73 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ቤት ግማሽ ምዕት ሊሞላ አራት ዓመት ቀርቶታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ የብሪታንያ ሚኒስትር እዚህ ቆሞ ተሸንፈናል፣ የጀመርነውን ትተናል ሲል ሰምቼ አላውቅም የሚል ፍሬ ነገር ያለው ንግግር አደረገ። መንግሥቱ ከጥቂት ወራት በፊት ምርጫ ያሸነፈው ለማኅበሩ ቃል ኪዳን እንቆማለን ብሎ መሆኑን እያስታወሰ፣ ቃል በቃል እየጠቀሰ፣ ሚኒስትሮቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ጣቱን ቀስሮ በፈሪነት ከሰሳቸው። የሰሙት ሰዎች ከትልልቅ ንግግሮቹ አንዱ አድርገው ቆጠሩት። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ የታወቀውን ንግግራቸውን ያደረጉት ከ12 ቀን በኋላ ነው። ማዕቀቡ በጁላይ ተነሣ።

ለሐቁ ሲባል ሌላውም ይነገር። በ1915 ኢጣልያን ወደ ጦርነቱ ለመሳብ ለንደን ላይ የተፈረመው ምስጢራዊ ውል፣ በ13ኛው አንቀጹ፣ ኢጣልያ በኤርትራ፣ በሶማልያና በሊቢያ ድንበሮች በኩል ካሳ እንደምታገኝ ተስፋ ይሰጣል። ያኔ በካቢኔው የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ይኸው ሰው ነው። በጁን ስለ ኢትዮጵያ እንዲያ የተናገረውም በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወደ ጀርመን ሄዶ ሂትለርን ጎብኝቶ እያመሰገነው ተመለሰ። አንድ ሰው በአንድ ክረምት ውስጥ እንዲህ ትክክልም እንዲህ ስሕተትም ሊሆን መቻሉ ነው የሚያስገርመው።

እርሱ ጀርመን በነበረበት ወር ክልሉ ራሱ ተቀጣጠለ። በፑልሄሊ አቅራቢያ በፔኒበርዝ መንግሥት የአየር ኃይል ቦምብ መለማመጃ ጣቢያ ሲሠራ፣ በሴፕቴምበር 8 ንጋት ሦስት የዌልስ ብሔርተኞች፣ ሳውንደርስ ሉዊስ፣ ሉዊስ ቫለንታይን እና ዲ. ጄ. ዊልያምስ፣ እሳት ለቀቁበትና ወዲያው ፑልሄሊ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው እጃቸውን ሰጡ። የካርናርቮን ዳኝነት ሸንጎ መስማማት አቃተው። መንግሥት ጉዳዩን ወደ ለንደን አዛወረ፤ እዚያ ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ተፈረደባቸው። ሎይድ ጆርጅ የወጣቱን የዌልስ ብሔርተኞች ፓርቲ፣ የፕላይድን፣ ሐሳብ ባይደግፍም የፍርዱ መዛወር አስቆጣው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የመራጩን መልክ ለወጠ። ከቦምብ የሸሹ መሥሪያ ቤቶች ወደ ሰሜን ዌልስ ተዛወሩ፤ የገቢዎች መሥሪያ ቤት ላንዲድኖ ሆቴሎች ውስጥ ገባ፤ የቢቢሲ የመዝናኛ ክፍል ባንጎር መጣ። ሎይድ ጆርጅን በዝና እንጂ በጎረቤትነት የማያውቅ፣ ዌልሽ የማይሰማ ሰው በየመንገዱ በዛ። አዛውንቱ በሜይ 8 ቀን 1940 በኖርዌይ ሽንፈት ላይ በተደረገው ክርክር ጠቅላይ ሚኒስትር ቼምበርሌን ሥልጣኑን እንዲለቅ ከጠየቀ በኋላ ድምፁ እየደከመ ሄደ። በ1944 ወደ ላኒስተምድዊ ተመለሰ። በሚቀጥለው ምርጫ ፓርቲዎቹ ያለ ተፎካካሪ ሊያሳልፉት አልተስማሙም፤ ለቅስቀሳ ደግሞ አቅም የለውም። በ1945 አዲስ ዓመት የኤርልነት ማዕረግ ተቀበለ። መኳንንቱን ከ35 ዓመት በፊት ያንበረከከው ሰው መኳንንት ሆነ፤ በላይኛው ምክር ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥ ማርች 26 ሞተ። በመንደሩ፣ በድዊቮር ወንዝ ዳር፣ ራሱ በመረጠው ቋጥኝ ሥር ተቀበረ። 55 ዓመት አንድ ክልል ወክሏል።

ልክ በወሩ፣ ኤፕሪል 26፣ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። በጦርነቱ ስምምነት ሌበርና ወግ አጥባቂዎች አልቀረቡም፤ የፑልሄሊው ተወላጅ፣ የሕግ ምሁሩ ሊበራል ሲቦርን ዴቪስ 20,754 ድምፅ አግኝቶ የፕላይድን ዕጩ በቀላሉ አሸነፈ። በፓርላማ የቆየው ጥቂት ወር ነው። በጁላይ ጠቅላላ ምርጫ ሁሉም ሲገቡ ድምፁ ሦስት ቦታ ተሰነጠቀና ወግ አጥባቂው ዴቪድ ፕራይስ ዋይት በ336 ድምፅ ልዩነት ወሰደው። መላ ብሪታንያ ወደ ሌበር በጎረፈችበት ዓመት የሎይድ ጆርጅ ወንበር የወግ አጥባቂዎች ሆነ።

ፕራይስ ዋይት የመጨረሻው ነበር። በ1948 የወጣው ሕግ የዩኒቨርሲቲ ወንበሮችንና በሁለት ቦታ መምረጥን ሲያስቀር፣ አዲሱ የክልል ሥመራም ድሪቶውን ተረተረው። ከ1950 ምርጫ ጀምሮ ካርናርቮን፣ ፑልሄሊ፣ ክሪኪየዝና ኔቪን በመካከላቸው ካለው ገጠር ጋር አንድ ክልል ሆኑ፤ ባንጎር፣ ኮንዊና ላንዲድኖ በኮንዊ ስም ሌላ። የሠፈሩ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከከተማው ዳር ካለው ገበሬ ጋር አንድ እንደራሴ መረጠ። ዋይት በኮንዊ ተወዳድሮ ተሸነፈ። የካርናርቮኑ ወንበር በ1974 ለፕላይዱ ዳቪዝ ዊግሊ ደረሰ።

ሁለቱም ክልሎች በ2010 ጠፉ፤ ካርናርቮንና ባንጎር አርቮን በሚባል ክልል እንደገና ተገናኙ። በ2024 የዌልስ ወንበሮች ከ40 ወደ 32 ሲቀነሱ እርሱም ተሠረዘ። አዲሱ ድንበር በካርናርቮንና በባንጎር መካከል ያልፋል፤ ካርናርቮን ከሊን ከተሞች ጋር ድዊቮር ሜሪዮኒዝ ውስጥ፣ ባንጎር ከኮንዊና ከላንዲድኖ ጋር ባንጎር አበርኮንዊ ውስጥ። በ1950 የተሠመረው መስመር ከሞላ ጎደል ተመልሶ መጥቷል። የመጀመሪያውን የመረጡት የፕላይዷን ሊዝ ሳቪል ሮበርትስን፣ ሁለተኛውን የሌበሯን ክሌር ሂዩዝን ነው። በካርናርቮን አደባባይ ያለው የነሐስ ሐውልት እጁን አንሥቶ ሲናገር እንደነበረው ቆሟል፤ ከፊቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይቆማል።